ድምፅ የሌለው የዘነበች ሰርግ

ሰው ዝም ያለ ነገር ሲያይ ያመዋል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዛችሁ፣ ስለ ምንም ነገር ሳታስቡ ንፍሯችሁን እየበላችሁ ብትቀመጡ ከጎናችሁ ያለው ሰው አይለቃችሁም። መጀመሪያ «ምነው ተከዝክ?» ይላል። «ደህና ነኝ» ካላችሁ ባሰ። ትንሽ ቆይቶ በወዲያ በኩል ወዳለው ሰው ዘንበል ይልና በሽታችሁን፣ ከሚስታችሁ ጋር ያላችሁን ሁኔታ፣ ልጃችሁ ለምን ስልክ እንደማይደውል በሹክሹክታ ሲያስረዳ ትሰማላችሁ። ድንኳኑ ሳይፈርስ ከሟቹ ቀጥሎ የሚታዘንላችሁ እናንተ ትሆናላችሁ። ምን አድርጋችሁ? ዝም ብላችሁ።

ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። እሺ፣ ለማማትም ነው። ግን ይበልጥ የምለው ዝም ያለ ነገር ምን እንደሚያመጣ በዓይኔ ስላየሁ ነው። በከተማችን በአዳማ ተሠርቶ ለሕዝብ በቀረበ ብቸኛ ድምፅ አልባ ድራማ ላይ ተዋናይ ነበርኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጉዳዩ ጋብቻ ነው፣ ክብር ነው፣ የአባትና የልጅ ነገር ነው። እኔ የተሰጠኝ ክፍል ከሙሽራው ጀርባ ቆሞ ማላብ ነበር። በሚገባ ተወጥቼዋለሁ ይላሉ ያዩት። እኔ አሁን ላሳያችሁ ብል ግን አልችልም፤ ፊልሙ ጠፍቷል።

ሙሽራው ጓደኛዬ ደረጀ ነው፤ ነፍሱን ይማርና። እኔ አንደኛ ሚዜው ነበርኩ። ሙሽራዋ ዘነበች የአባባ ጉተማ ልጅ ነች። አባባ ጉተማ ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ፣ ቁጥብ፣ ሲቆጡም ሲደሰቱም ፊታቸው የማይለወጥ ሰው ነበሩ። ለአንድ ወዳጃቸው ልጅ ዘነበችን ሊሰጡ በግማሽ አፋቸው ተስማምተው ሳለ እሷ ደረጀን መረጠች። ሽማግሌ ላክን፣ መለሱት። ደግመን ላክን፣ መለሱት። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ ብቻ «እሺ» አሉ፤ «እሺ» ሲሉም ፊታቸው እንደ ልማዱ አልተለወጠምና የተላኩት ሽማግሌዎች እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ እርግጠኛ ሳይሆኑ ነው የተመለሱት።

የሰርጉ ዕለት ነገሩ ሁሉ በደንቡ ሄደ። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ልትወጣ ስትል ጉልበት ልትስም ተንበረከከች። አባባ ጉተማ ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እኔ አንድ እርምጃ ከኋላ ቆሜያለሁ፤ ግን እልልታው፣ ከበሮው፣ ደጅ የቆመው የመኪና ጥሩንባ ተደራርቦ እንኳን የሰው ንግግር የራሴንም ሐሳብ አልሰማም ነበር። ዘነበች ስትነሳ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። እሱ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ የማታለቅስ ሙሽራ ካለች ነው የሚያስፈራው።

ካሜራማኑ ያን ሁሉ ቀረጸ። ያኔ መጽሐፍ የሚያካክለው የቪዲዮ ካሴት ዘመን ነው። በበነጋታው ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ መጣና ማይኩ ሳይሠራ እንደዋለ ነገረን፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ድምፅ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለም። መፍትሔም ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከላይ የሰርግ ዘፈን ልጫንበት አለ። ደረጀ በጣም ተቆጣ። የእኔን ሰርግ በሰው ሰርግ ዘፈን አታስጩኸው፣ ዝም እንዳለ ስጠኝ አለው። ዝም እንዳለ ተቀበለው።

ያኔ ሰርግ የሚያልቀው በመልስ አልነበረም፤ በካሴት ነበር። ካሴት የሚያጫውት ዴክ ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ሰርግ ማየት የሚፈልገው ብዙ ነው። ስለዚህ ካሴቱ ከቤት ቤት ይዞራል። ሰርጉ ላይ ያልነበረ ያልቀረበትን ሊያይ ይዋሳል፤ የነበረም ሲበላ እንዴት እንደሚመስል ሊያይ ይዋሳል። የዘነበች ካሴት ግን አይናገርም። ታዲያ የኛ ሰው ዝም ያለ ፊልም ዝም ብሎ ያያል? በየቤቱ አንድ አፈኛ ተገኘ። የደረጀ እናት ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ይዘው ለሁሉም ይናገሩለት ነበር። ለወጥ ቤቶቹ ይናገራሉ፣ ለእኔም ላቤን ስጠርግ «ኧረ ሞቀኝ» ይሉልኛል፤ አባባ ጉተማ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው «ውለዱ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ» እያሉ ይመርቃሉ። እሳቸው ቤት ዘነበች በየምሽቱ ትመረቅ ነበር።

ከዚያ ካሴቱ ከደረጀ እናት ቤት ወጣ። ሌላ ቤት ገባ፣ ከዚያ ሌላ ቤት። ወዴት እንደደረሰ የጠየቀ አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን አንድ ወሬ ብቻውን ተመልሶ መጣ፤ ዘነበችን አባቷ ረግሟታል የሚል።

ወሬ ስንቅ ይፈልጋል፤ ኑሮ ደግሞ አይነፍገውም። የመጀመሪያ ልጃቸው በጨቅላነቱ ሲሞት ሰፈሩ «ድሮስ!» አለ። የደረጀ ሱቅ በኤሌክትሪክ እሳት ሲቃጠል «ድሮስ!» አለ። አባባ ጉተማ ሲሞቱ ዘነበች ከሁሉ በላይ አለቀሰች፤ ለዚያም «ድሮስ!» አልታጣለትም። ደረጀ ራሱ በኩላሊት ሕመም ገና ጎልማሳ ሳለ ሲሄድብን እኔ በቀብሩ ላይ ይህችን አንድ ቃል ከጀርባዬ ሰማኋት። ዘወር ብል ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ዘነበች ትሰማ ነበር፤ መልስ ሰጥታ ግን አታውቅም። መልስ አለመስጠቷም በበኩሉ መልስ ተደርጎ ተቆጠረ።

የቀረቻት ሲፈን ናት፤ ሁለተኛዋ ልጇ። ፋርማሲ ተምራ ቢሾፍቱ ሥራ ያዘች፤ እዚያው ከአንድ ጨዋ ልጅ ጋር ተዋወቀች። ናሆም ይባላል። ዘነበች ከደረጀ ሞት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ይህ ልጅ ቤቷ መጥቶ ምሳ የበላ ቀን ነው። የናሆም ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። እንደምታውቁት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሚላክ ሌላ ሽማግሌ አለ፤ ቤተሰብ የሚያጣራው። እሱ ጋቢ አይለብስም፣ ደጅ አይጠናም፤ ማኪያቶ ይጋብዛል።

እኔን ማኪያቶ የጋበዙኝ አቶ ፈይሳ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ የናሆም አባት የልብ ወዳጅ። አዳማ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ጤፍ አወሩ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እነሱ በእርግማን የሚያምኑ ሰዎች እንዳልሆኑ ነገሩኝ። በጭራሽ። ግን የልጅቷ እናት ተረግማ ከሆነ ማወቁ ጥሩ ነው። እሳቸው ድሮ አዳማ ሲኖሩ የሆነ ነገር በጨረፍታ ሰምተዋል፤ የልጁ እናት ምንም አልሰማችም፣ እንድትሰማም አይፈልጉም። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉ፦

«እርስዎ ሚዜ ነበሩ፤ ከጎናቸው ቆመው ነበር። አባትየው መርቀዋታል፣ አይደል?»

ልብ በሉልኝ፤ ሰውዬው መልሱን ከጥያቄው ጋር አሽገው ነው የሰጡኝ። ከእኔ የሚጠበቀው ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ማንም ጤነኛ ሰው ያንቀሳቅስ ነበር።

እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት በሞጆ መንገድ የጭነት መኪና ስመዝን ነው። ሹፌር ሁሉ «ጋሼ፣ ልክ ነው፣ ትርፍ የለውም» ይላል፤ እኔ «ወደ ሚዛኑ ውጣ» እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። ጡረታ ስወጣ ሚዛኑን እዚያው ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን አብሮህ መጥቷል ትላለች። ወጥ ጨው በቅቶታል ስትለኝ ቀምሼ ካላየሁ አላምናትም። እናም ለአቶ ፈይሳ በኩራት ተናገርኩ። በጆሮዬ ያልሰማሁትን አልመሰክርም አልኳቸው። ነገር ግን አልኳቸው ጣቴን አንስቼ፣ የማያዳላ ማስረጃ አለ፤ ፊልም አለ። ይታይ።

አቶ ፈይሳ ማኪያቷቸውን አስቀመጡ። ፊልም መኖሩን እስከዚያች ደቂቃ አያውቁም ነበር። አያስፈልግም፣ ፊልም ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ፣ የእርስዎ ቃል ይበቃናል አሉ። እኔ ደግሞ አይበቃም አልኩ። የኔው ቃል ሆኖ ሳለ እንዳይበቃ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ሚዜ እንደሆነ ለሙሽራ እንደሚያዳላ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ፊልሙ ድምፅ ባይኖረውም የአፋቸውን አከፋፈት አይተን እንፈርዳለን፣ መራቂና ተራጋሚ አፉን እኩል አይከፍትም አልኳቸው። ያኔ ብልህ ንግግር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዘነበች ሄድኩ። ገበያ ውስጥ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። ስለ አቶ ፈይሳ ጥያቄ ስነግራት ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ አላቆመችም። ፊልሙን እፈልገዋለሁ ስላት ግን እጇ ቆመ። «ካሴቱ ይገኛል?» አለችኝ። ድምፅዋ ልጃገረድ እያለች የነበረውን ይመስል ነበር። ይገኛል አልኳት፤ ንጹሕነትሽን ለዓለም አሳያለሁ አልኳት። የመጨረሻውን የሰማችኝ አይመስለኝም።

ካሴቱ ከአዳማ ወጥቶ ሞጆ፣ የደረጀ የአክስት ልጅ አስናቀች ዘንድ መግባቱን አጣርቼ ነበር። አስናቀች ከደረቅ ወደቡ ወረድ ብሎ ለሹፌሮች ምሳ ቤት አላት። በምሳ ሰዓት ደረስኩ፤ ቤቱ በሹፌርና በረዳት ጢም ብሏል። ካሴቱን ስጠራላት ሳቋ መጣ። ወይ ያ ድዳው ካሴት፣ ስንት ቀን አስቆናል መሰለህ አለችኝ። እህቷ ቀልደኛ ነበረች፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ለሁሉም ድምፅ ታወጣ ነበር። አባባ ጉተማ ጋ ስትደርስ እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ «ዓይንሽን አልይ! ደጄን አትርገጪ!» ስትል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አጠንጥነው እንደገና ያያሉ። ጎረቤት ይጠራል፣ ይደገማል። እየቆየ ሲሄድ ቀልድ መሆኑ የተነገረው ሰው አነሰ፤ ያልተነገረው በዛ። «አንዳንዱ የምር እያለቀሰ ይወጣ ነበር» አለችኝ እንባዋን በሽርጧ ጫፍ እየጠረገች። የሳቅ እንባ ነበር።

እኔ አልሳቅኩም። ተናደድኩ። የአንዲት ሴት ስም እዚህ ቤት ወጥ እየተበላ ነው የጠፋው አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ሹፌሮቹ እጃቸውን ሰሃን ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ። አንዱ ምን ሆኖ ነው ጋሼ አለኝ። ነገሩ ተዛብቶ እንዳይሰማ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁ። የዘነበችን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የሲፈንን ጋብቻ፣ ቢሾፍቱ ያሉትን የልጁን ቤተሰቦች ሳይቀር ተናገርኩ። የአባባ ጉተማን አኳኋን እጄን ዘርግቼ አሳየሁ። ሹፌሮቹ በጥሞና አዳመጡኝ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ መኪናቸውን አስነስተው፣ አንዱ ወደ ድሬዳዋ፣ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ ሌላው በቢሾፍቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሬዲዮ ጣቢያ ገብቼ ብናገር ይህን ያህል አይደመጥልኝም ነበር።

ካሴቱን ከአስናቀች ቤት የወሰደው የባሏ ዘመድ ነው፤ አርሲ ነገሌ እህል የሚነግዱ ኦቦ ገመቹ። ወደዚያ ወረድኩ። መንገዱ ረጅም ነው፤ በመንገድ ላይ «ወዴት ነው ጋሼ?» ያለኝን ሁሉ ለምን እንደምሄድ ሳልደብቅ ነገርኩ። የምደብቀው ምን አለ? እውነት የያዘ ሰው ይደብቃል?

ኦቦ ገመቹ ሽበታቸው ያማረ፣ እንግዳ የሚወዱ ሰው ናቸው። «አከም ጅርቱ?» ብለው ደህንነቴን እየጠየቁ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ወተት አስመጡ፣ ጎረቤት ተጠራ። ጉዳዬን እንደገና ከመጀመሪያው ዘረዘርኩ፤ አሁንማ ለምጄው ስለነበር ያለ ምንም መደናቀፍ ነው የወረደልኝ። ካሴቱን አስታወሱት። ልጆቻቸው ዴክ ውስጥ ሲያስገቡት ምስሉ ይታያል፣ ድምፅ የለውም። ተበላሽቷል ብለው ጣሉት። እሳቸው ግን ዕቃ መጣል አይወዱም። ያን ዓመት ወፍ እንደ ደመና ሆና ማሽላቸው ላይ ወርዳ ነበር።

የዚያ አገር ገበሬ ምን እንደሚያደርግ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። የካሴት ክር ከውስጡ ይመዘዝና ማሳው ላይ ከእንጨት እንጨት ይወጠራል። ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ ነፋስ ሲመታው እንደ ንብ መንጋ እምም ይላል። ወፍ ይህን ድምፅ አትችልም። ኦቦ ገመቹ የቪዲዮ ካሴት ክር ከዘፈኑ ካሴት ሰፋ ስለሚል ይበልጥ ይጮኻል አሉኝ። ያን ዓመት አንዲት ወፍ አላረፈችም። አመሰገኑን፤ እኔንም፣ ዘነበችንም፣ ሟቹንም።

ማሳው ዳር ወስደው አሳዩኝ። ከአንዲት ግራር እሾህ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ጅማት የደረቀ የክር ቁራጭ አለ፤ የዚያ ካሴት ይሁን የሌላ የሚያውቅ የለም። ቆሜ አየሁት። ሙሽራዋ፣ አባቷ፣ ደረጀ፣ ላቤን የምጠርገው እኔ፣ ሁላችንም እዚህ ሜዳ ላይ ተወጥረን ወፍ ስናባርር ኖረናል። ዕድሜ ልኩን ዝም ያለው ፊልም በመጨረሻ ድምፅ ያወጣው እዚህ ነው። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣብኝና ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

አዳማ ስመለስ ለዘነበች የምላትን በመንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ማስረጃው ስለጠፋ የመረገሟም ማስረጃ የለም፤ ነገሩ እኩል ለእኩል ነው የሚል ነበር። ቤቷ ቁጭ ብዬ ስለ ማሳው ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ምንም የተረፈ የለም ወይ? ግራሯ ላይ ስለተንጠለጠለው የክር ቁራጭ ነገርኳት። ለምን አላመጣህልኝም አለችኝ። ለምን እንደሚያስፈልጋት አልገባኝም።

«አባቴ ፎቶ አይወድም ነበር» አለች። «አንድ ፎቶ የለውም። እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው ያለው። ሲፈንን ከመዳሬ በፊት አንድ ጊዜ ፊቱን ልየው ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ለክርክር የፈለግኩትን ፊልም እሷ የፈለገችው ለናፍቆት ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ፣ አባባ ጉተማ ያኔ ምን አሏት ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ጥያቄው እንግዳ ሆኖባት ነበር።

«ምንም አላለም» አለች። «ሊመርቀኝ አፉን ከፈተ፤ እንባ ያዘው። ከንፈሩ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጁ ግን ራሴ ላይ ነበር። ከባድ እጅ ነበረው።»

ስንት ሰው ነው እስከዛሬ የተከራከረው? የደረጀ እናት ያሉት ሌላ፣ የአስናቀች እህት ያለችው ሌላ፣ ሰፈሩ ያለው ሌላ። እኔ እስከ አርሲ ነገሌ ሄጃለሁ። ያቺን እጅ ራሷ ላይ የተሸከመችውን ሴት ግን ምን ሰማሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ካሴቱ ድምፅ ቢኖረው ኖሮም የሚሰማ ቃል አልነበረበትም፤ አንድ አባት ሲያለቅስ ብቻ ነበር። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ አቶ ፈይሳ መጡ። ማኪያቶ አልጋበዙኝም። የናሆም እናት ሰምታለች አሉ፤ ያውም ከአንድ ቦታ አይደለም። አንድ ሹፌር ለወንድሟ ነግሮታል፣ ሻሸመኔ ያለች ዘመዷ ደውላላታለች፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ፊልሙን አይቼዋለሁ ብላ ከነእጅ አዘረጋጉ አሳይታታለች። እሳቸውም ደግመው ሲያሳዩኝ የእጁ አዘረጋግ የእኔ እንደሆነ አወቅኩት። «እኛ አምነን አይደለም» አሉ አቶ ፈይሳ፤ «ግን ነገሩ አገር አዳረሰ። ጊዜ ይሰጠን።» በኛ አገር ለጋብቻ ጊዜ ይሰጠን ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አልፈልግም። ጊዜው ተሰጠ፤ እስከዛሬ አልተመለሰም።

ናሆም መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር አሉ። ከዚያ አልፎ አልፎ። ከዚያ በበዓል። ሲፈን በሳምንት መጨረሻ እየመጣች ከእናቷ ጋር ትውላለች። አንድ ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳር ስንት እንደምወስድ ሳትጠይቀኝ በልኬ ጨመረችልኝ፣ ደህና ነህ ወይ ጋሼ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ከስታለች። ወደ ጓዳ ስትገባ ዘነበች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረችኝ።

«አቶ ፈይሳ የጠየቀህ እኮ አንድ ቃል ነው። አዎ ብትለው ምን ነበረበት? ሚዜዬ አይደለህ?»

ስለ እውነት የማውቀው ብዙ ነበር፤ ስለ ምስክርነትም አንድ ሁለት ጥሩ ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች አሉኝ። ሻይዬን ጠጣሁ። ሲፈን ከጓዳ ተመለሰችና ይደገምህ ወይ አለችኝ።

በቀደም ሞጆ የድሮ ባልደረባዬ ታሞ ጠይቄው ስመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ አጠገባቸው ላለችው ወሬ ያወጋሉ፤ ጆሮዬን ብጥል የዘነበች ነው። አሁን አድጓል። አባትየው በዱላ አባረዋታል፣ ሙሽራው ራሱን ስቶ ወድቋል፣ ፊልሙም በመንግሥት ተወርሷል። ተሳፋሪው ሁሉ ያዳምጣል። እኔ በመስኮት ውጪ ውጪውን አየሁ።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ተነሳ። ፊቱን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ዕድሜው ሲታይ ደረጀ ሲያገባ ገና የትምህርት ቤት ደብተር የሚይዝ ልጅ መሆን አለበት። ሐሰት ነው አለ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ይገድላል አለ። ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አየው።

«አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ» አለ። «ከጀርባዋ ቆሜያለሁ። አባቷ ‹ውለጂ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ› ብለው ሲመርቋት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ተሳፋሪው ሁሉ አመነው። ሴትየዋ አማተቡና ይቅር ይበለኝ፣ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት አሉ። ከኋላ አንዱ፣ ታዲያ የዘነበችን ልጅ ለምን አያገቧትም፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብሎ ተቆጣ። ያን ያህል ቀላል ነበር።

አዳማ መናኸሪያ ስንወርድ ሰውየው ጃኬቱን እያስተካከለ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ትክክል አልነበረም መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ዘነበችን ያውቋታል እንዴ?» አለኝ።

«በስም ብቻ» አልኩት።